በሦስት የተከፈለው የበረኛው መጽሐፍ

ስለ መጽሐፍ ሲነሳ አፌን አልሰበስብም። ጥሩውን ከመጥፎው ለይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ደረቴን ነፍቼ እንድናገር ያበቃኝ ደግሞ የተማርኩበት ኮሌጅ ሳይሆን ቦንጋ ላይ ያገኘኋቸው፣ በረዶ ላይ ሆኪ ስለሚጫወቱ ሰዎች የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ናቸው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ብቻ በሆነበት አገር፣ በረዶ ላይ ስለሚቆም በረኛ አንብቤ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ አሁንም ሙሉውን ባገኘው ደግሜ አነበዋለሁ።

ቦንጋ የተመደብኩት ከፋና ሸካ አንድ ዞን በነበሩበት ጊዜ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስሆን ከፋን የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ዝናቡን ስራገም፣ የቀጠሉትን ደግሞ የሚነበብ ነገር ስፈልግ አሳለፍኩ። ይዣቸው የመጣሁትን መጻሕፍት ሁለት ሁለት ጊዜ ጨርሼአቸዋለሁ። ጋዜጣ ቢመጣ እንኳ ቀኑ አልፎበት ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ገንዘብ ያዡ፣ ከዚያ የቢሮ ሰው ሁሉ አንብቦት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግማሹ ለስኳር መጠቅለያ ሄዷል።

ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አልነበረውም ማለት አይቻልም። አንድ ሰፊ ክፍልና ስድስት ቁም ሳጥኖች ነበሩት፤ ቁም ሳጥኖቹ ግን ሁሌም ተቆልፈው ነው። ኃላፊዋ እትዬ የምንላቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሥራቸውን አክባሪ ሴት ናቸው። መጻሕፍቱን በስማቸው ፈርመው ስለተረከቡ አንድ ቢጎድል ተጠያቂዋ እሳቸው ናቸው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሰው ጡረታ ሲወጡ በጎደሉ መጻሕፍት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ በዓይናቸው አይተዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እትዬ መፍትሔ አበጁ፤ ከቁም ሳጥን ያልወጣ መጽሐፍ አይጠፋም። ተማሪ ሲመጣ ስሙን ከጠራው መጽሐፍ ውጪ አያይም። ምን እንዳለ ሳያውቅ ምን ብሎ ይጠይቃል? እኔ በዚህ ነገር ከእትዬ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄአለሁ።

ዕድሌ የተከፈተው በአራተኛው ዓመቴ፣ በሰኔ ቆጠራ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ንብረት ይቆጠራል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ቆጠራ ከተመደቡት አንዷ እኔ ሆንኩ። ስድስቱም ቁም ሳጥን ተከፈተ። እትዬ ከመዝገቡ ርዕስ ያነባሉ፣ እኔ ከመደርደሪያው እየፈለግሁ «አለ» እላለሁ። «ጂኦግራፊ፣ የአየር ጠባይ» ከሚለው ሥር ሦስት መጻሕፍት ሲጠሩ ርዕሳቸው ከዝናብም ከነፋስም ጋር የማይገናኝ ሆነብኝ። ሳወጣቸው የሆኪ መጻሕፍት ናቸው። ከሩቅ ብርድ አገር በካርቶን ከመጣ እርዳታ ጋር የገቡ ኖረዋል። የመዘገባቸው ሰው ሽፋኑን አይቷል፤ ነጭ ሜዳ፣ ከአፉ እንፋሎት የሚወጣ ሰው። ሆኪ የሚባል የትምህርት ዓይነት መዝገቡ ላይ የለም። ሰውየው አልተጨነቀም፤ ማህተሙን መትቶ ከዝናብ ካርታዎቹ ጎን አቆማቸው።

«እትዬ፣ እነዚህን ሦስቱን ልዋሳቸው» አልኩ።

«ለክፍል ነው?»

«አይደለም፤ ላነባቸው ነው።»

እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም። መጻሕፍቱን እያገላበጡ ቆዩና «የጂኦግራፊ አስተማሪው ቢፈልጋቸውስ?» አሉኝ።

«እስከ ዛሬ ፈልጓቸው ያውቃል?»

«አያውቅም። ቢፈልግስ?»

በመጨረሻ ሦስት ቦታ አስፈርመውኝ ሰጡኝ። ስምና ፊርማዬ ሲሰፍር ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሳም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነበር። በየገጹ ዋንጫ የታቀፈ ሰው ይስቃል። ሁሉም ጀግና፣ ሁሉም አሸናፊ። ባንድ ምሽት ጨርሼው ድጋሚ አልከፈትኩትም፤ ራሱን የሚያመሰግን መጽሐፍ እንደ ጉረኛ እንግዳ ነው፣ ቶሎ ያደክማል። ሁለተኛው ማስተማሪያ ነበር። ዱላው እንዴት እንደሚያዝ፣ ከጫማው ሥር ያለው ስለት እንዴት እንደሚሳል፣ ስትወድቅ በየትኛው ጎንህ እንደምትወድቅ ይነግራል። ይህን ወደድኩት። የማውቀውን ሳይቀር አስረዳኝ፤ ጉልበትን አጠፍ፣ ክብደትን ወደ ፊት፣ ዓይንን ከእግር ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ላይ ማድረግ የቦንጋን የሐምሌ ጭቃ ለሚወርድ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አራት ሰኔ ተንሸራትቼ የተማርኩትን እነሱ በሥዕል አስቀምጠውታል። ጨዋታውም ገባኝ። ስድስት ስድስት ሆነው፣ እንደ ጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክብና ጠፍጣፋ የሆነች ጥቁር ጎማ በቆልማማ ዱላ እየገፉ ወደ ጎል ይሄዳሉ። ያጠፋ ሰው ሜዳው ዳር ባለ የቅጣት ወንበር ላይ ለደቂቃዎች ይቀመጣል፤ ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል።

ይህን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አጫወትኩት። አያቶቹ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በየዓመቱ በገና ዕለት ሜዳ ወርዶ ዱላ የሚያነሳ ሽማግሌ ነው። አባባ ነው የምለው፤ ግን እንደ እኩያ እንቀላለዳለን።

«ይኼማ ገና ነው» አለኝ። «በበረዶ ላይ ይሁን እንጂ ገና ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

«እነሱ ግን ይቆጣሉ፣ አባባ። የተቆጣ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ሠርተዋል።»

«እንግዲያው ብልሆች ናቸው» አለ። «እኛ ወንበር ስለሌለን ነው እየተፈነካከትን የምንመለሰው።»

ሦስተኛው ትንሽ፣ ሥዕል የሌለው፣ ሽፋኑ የደበዘዘ መጽሐፍ ነበር። የጻፈው እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚሠራ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ በረኛ ነው። ዋንጫ የለውም። አባቱ ክረምት በገባ ቁጥር ጓሮው ላይ በባልዲ ውሃ እያፈሰሰ፣ ውሃው ሲረጋ ደግሞ እላዩ ላይ እያፈሰሰ፣ ለልጁ ሜዳ ይሠራለታል። እናቱ አሮጌ ፍራሽ ቀዳ የእግር መከላከያ ትሰፋለታለች። አድጎ የከተማዋ በረኛ ይሆናል፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ተኮራምቶ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ይህን ሁሉ የሚነግረን ሳይቸኩል፣ ሳይመጻደቅ ነው። መጽሐፉ መካከል ላይ ትልቁ ግጥሚያ ይመጣል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ የደከመው አንድ ተጫዋች ተስፋ ሳያደርግ ገፋ ያደረጋት ጎማ፣ ቀስ ብላ እየተንሸራተተች መጥታ በበረኛው እግሮች መካከል ታልፋለች። በረኛው በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ከተመልካች መሃል አባቱን እየፈለገ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የመጽሐፉ ክፍል የሚተርከው የሚቀጥለውን ሃያ ዓመት ነው። ሰውየው መጫወቱን ትቶ የዚያው ሜዳ በረዶ አስተካካይ ይሆናል፤ ሌሎች ቧጥጠው የሚሄዱትን በየቀኑ ያለሰልሳል። ከተማው ይቅር ብሎታል። እሱ ራሱን ይቅር አይልም።

ጥሩ የስፖርት መጽሐፍ ማለት ጨዋታውን ጭራሽ የማያውቅ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ነው። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ያንን መጽሐፍ ስጨርስ በረዶ ነክቼ የማላውቅ ሴት ጣቶቼ በርደውኝ ነበር።

ጥሩ መጽሐፍ አንብቦ ዝም ማለት ደግሞ አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማንኪራ ወደ ገበያ የሚመጡ አንድ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ፤ አርባን ያለፉ፣ ንብ የሚያነቡ፣ ረጋ ያሉ የከፋ ሰው። ከገበያው በፊት ወደኛ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ይሉና የትምህርት ቤታችን ባልደረባ ስላልሆኑ ሳይዋሱ ይመለሳሉ። አንድ ቅዳሜ በር ላይ አገኘኋቸውና የበረኛውን መጽሐፍ በራሴ ስም እንደተፈረመ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ለሁለት ሳምንት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት ሆነ። ስጠይቃቸው «ይመጣል፣ ቲቸር» ይሉኛል። እኔም ሰው እንዲያነበው እንጂ ምን ልሠራበት ነው ብዬ ተውኩት።

ዝውውሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው መዛወር ቀላል አልነበረም፤ ደሴ ካለ አስተማሪ ቦንጋ መምጣት የሚፈልግ ካልተገኘ በቀር የማይታሰብ ነው። አምስት ዓመት ጠብቄ አንድ ሚስቱ የቦንጋ ልጅ የሆነች ሰው ተገኘልኝ። እናቴ ደሴ ላይ ብቻዋን ነበረች፤ እህቴ አግብታ ከሄደች በኋላ ደብዳቤዋን የምታጽፈው በጎረቤት ልጅ እጅ ነው። የደረሰኝ ወረቀት በአሥር ቀን ውስጥ ሥራዬን አስረክቤ እንድሄድ ይላል። ካለፈ ቅያሪው ይፈርሳል።

ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ግምጃ ቤት ፈረመ፣ ቤተ ሙከራ ፈረመ፣ ገንዘብ ያዡ ፈረመ። ቤተ መጻሕፍት ስደርስ እትዬ መዝገባቸውን ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አቆሙ።

«ሁለቱ ተመልሰዋል። አንዱ የለም።»

«ሰው ጋ ነው። አመጣዋለሁ።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉኝ። «የሂሳብ መጽሐፍ ቢሆን ሌላ ገዝተሽ ትተኪ ነበር። ይህን ከየት ታመጫለሽ?»

እውነታቸውን ነው። እንኳን ቦንጋ፣ አዲስ አበባም ቢፈለግ አይገኝም። ጥሩ የሆኪ መጽሐፍ ከጠፋ ጠፋ ነው። በማግስቱ ማለዳ ወደ ማንኪራ በእግሬ ወጣሁ።

ደኑን አቋርጬ ስደርስ ጋሼን ከትምህርት ቤታቸው ደጅ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ወደ ቤታቸው ገብተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ስፈታው ቀጭን ሆነብኝ። ሽፋኑ አለ፣ መጀመሪያው አለ፤ ከአባትየው ባልዲ አንስቶ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያለው አለ። ከዚያ በኋላ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ሌላውስ?» አልኩ።

«ሁለተኛው ክፍል ሺሺንዳ ከተማ ነው። ሦስተኛው ዋጫ ነው» አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

ተናደድኩ። ንዴቴንም አልደበቅሁም። የመንግሥት ንብረት ነው አልኩ፣ በስሜ የተፈረመ ነው አልኩ፣ አስተማሪ ሆነው መጽሐፍ ይገነጥላሉ ወይ አልኩ። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አልገነጠልኩም፣ ቲቸር። ስፌቱን ነው የፈታሁት» አሉ። «እዚህ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ልጅ ይመጣል። በየምዕራፉ እንከፍለዋለን፤ አንዱ ሲጨርስ ከሌላው ጋር ይቀያየራል። ይህንንም ሙሉውን አነበብኩና ለእኔ ብቻ በዛብኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዳዶ ገባን።»

ዳዶ የከፋ ገበሬዎች ወግ ነው፤ ዛሬ ሁላችንም በአንተ ማሳ፣ ነገ ሁላችንም በእኔ ማሳ እየተባባሉ ይሠራሉ። ጋሼ መጽሐፉን እንደ ማሳ ቆጥረውት ኖሯል። ተራው ግን አልዞረም፤ ክረምቱ መንገዱን ስላበላሸው ሦስቱም በመጀመሪያ የደረሳቸውን እንደያዙ ቀርተዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ትሉ የለም?» አሉኝ።

እንላለን። የመጀመሪያውን ክፍል ይዤ ወረድኩ።

ሺሺንዳ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሁለተኛውን ክፍል የያዘው በጤና ጣቢያው የሚሠራ ጤና ረዳት ነው። በረኛው ግንባሩን የተሰፋበት ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ስፌቱ ልክ አይደለም፣ ቁስሉ መጀመሪያ በደንብ መታጠብ ነበረበት» ብሎ ጽፏል። የመንግሥት መጽሐፍ ላይ መጻፉን ልወቅሰው ብዬ ነበር፤ ቀና ብሎ «ይህ ሰው ሁልጊዜ አባቱን የሚያስበው ምን አድርጎለት ነው? እኔ ጋ ስለ አባቱ ብዙ የለም» ሲለኝ ተውኩት። በሽተኞቹ እየጠበቁት ቆሜ ስለ ጓሮውና ስለ ባልዲው ነገርኩት። «እንግዲያው ያቺ ጎማ ብታልፍ አይፈረድበትም» አለና ክፍሉን ሰጠኝ።

ዋጫ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ሦስተኛው አንባቢ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። የመጨረሻውን ክፍል እንደ ክስ መዝገብ አቃፊ ውስጥ አስገብቶ፣ ገጾቹን ቆጥሮ፣ ከላይ በቀይ ብዕር ቁጥሩን ጽፎበታል። ስጠይቀው አቃፊውን ወደ ራሱ ሳበው።

«እሰጥዎታለሁ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለ። «ይህ ሰው ሃያ ዓመት በረዶ ሲጠርግ ይኖራል። ማንም አላስገደደውም። ራሱን እየቀጣ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ፍርዱን ነው ያነበብኩት፤ ክሱን አላየሁትም። ጥፋቱ ምንድን ነው?»

አውቶቡሱ ሊሄድ ነው። ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ይሰማኛል፤ ከአሥሩ ቀን ያለፈውም አልጠፋኝም። ክፍሎቹን ሰጥቼው አንብብ ልለው አልችልም፤ ጊዜ የለም። ተቀመጥኩና ነገርኩት። ከጓሮው ጀመርኩ። የእናትየውን ፍራሽ፣ የአውቶቡሱን ብርድ፣ ግንባሩ ላይ የተሰፋውን ቁስል፣ ከዚያ ያቺን ጎማ። ቀስ እያለች ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ አሳየሁት። በረኛው አባቱን ሲፈልግ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አነሳሁ፤ ጣቴ ግን አልቆመም። ጸሐፊው ጣቴን እያየ ነበር። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስደርስ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መለሰው። በአምስት ዓመት ውስጥ ክፍል ገብቼ እንደዚያ አስተምሬ አላውቅም፤ ይህን ስል አላፍርም።

«ለዚህ ሃያ ዓመት በዛበት» አለ። «እኔ ብሆን ነፃ ነበር የምለቀው።»

አውቶቡሱ ሄዷል። ጸሐፊው የአክስቱ ቤት አሳደረኝ፤ በማግስቱ መጽሐፉን ከማስረከቡ በፊት ደረሰኝ አስፈረመኝ።

ቦንጋ ስመለስ ሦስቱን ክፍሎች ገበያው አፋፍ ላይ ለሚቀመጥ ጫማ ሰፊ ሰጠሁት። ጥቁር ክሩን በሰም አሽቶ በወስፌ ጥርቅም አድርጎ ሰፋው። ዓይን አይማርክም፤ ግን በድንጋይ ቢደበደብ አይለቅም። ቀኔ ሳያልቅ ከእትዬ ፊት አስቀመጥኩት።

እትዬ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። የጤና ረዳቱን እርሳስ አዩ፣ የጸሐፊውን ቀይ ቁጥር አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እኔ የሰጠሁሽ መጽሐፍ በቀጭን ክር የተሰፋ ነበር፤ ይህ ጫማ ነው» አሉ። «ግን ገጹ አልጎደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ተመላሽ እልልሻለሁ። እናትሽ ጋ ሂጂ።»

ቸርነታቸው ነው፤ እንደሳቸው ላለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብዕራቸውን ሲያነሱ ከኋላቸው ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ የጂኦግራፊው መደርደሪያ ላይ የአንድ መጽሐፍ ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይታየኛል። እዚያ ከገባ ማን ይጠራዋል? የጂኦግራፊ አስተማሪው?

«እትዬ፣ ተበላሽቷል ብለው ቢመዘግቡስ?»

ብዕራቸው ቆመ። «ተበላሽቷል ካልኩማ በኮሚቴ ይወገዳል። አንቺም ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል፤ ግልባጩ ከማህደርሽ ጋር ደሴ ይሄዳል። ንብረት አበላሽታለች የተባለችን ሴት እዚያ ቢቀበሏት ይቀበሏታል፣ ካልተቀበሏት ቅያሪሽ ፈረሰ። አሞሻል እንዴ?»

«የተወገደ መጽሐፍ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ለመጠቅለያ ነው።»

እናቴን አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ያ መጽሐፍ ግን በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ሰዎች ዘንድ ሄዶ የሠራውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በነበረበት ዘመን ሁሉ የሠራውንም አውቃለሁ። «ተበላሽቷል ይበሉልኝ» አልኩ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነበር። እትዬ ግን ቃለ ጉባኤውን ራሳቸው ጽፈው፣ ሦስቱን አባላት ከየክፍላቸው አስወጥተው በዚያው ከሰዓት አስፈረሙ። ርዕሰ መምህሩ ማስጠንቀቂያውን ሲሰጠኝ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና መዝገቡ ላይ መስመሩን በማስመሪያ ሰረዙት።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጋሼን ማር ተራ አገኘኋቸውና መጽሐፉን ሰጠኋቸው፤ የማንም እንዳልሆነ፣ ስለዚህ የእነሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። የጫማ ሰፊውን ክር በአድናቆት ዳሰሱት። ከዚያ ከኪሳቸው ምላጭ አውጥተው እዚያው ስፌቱን መፍታት ጀመሩ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሲጨርሱ መካከለኛውን ክፍል ለይተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ሺሺንዳ ያለው ጨርሶታል» አሉ። «አሁን አራት ነን። ዳዶ የገባ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ሲጨርሱ በሹፌሮች ይላኩልን።»

ደሴ ላይ ማህደሬን የተቀበለው ሰው ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «መጽሐፉ ስለ ምን ነበር?» አለኝ። «በበረዶ ላይ ስለሚጫወት በረኛ» አልኩት። ማህተሙን መታልኝ። እናቴ ጋ ገባሁ። ባደረግሁት አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

መካከለኛውን ክፍል መንገድ ላይ ደግሜ አንብቤ ጨርሼዋለሁ። ልልከው ፖስታ ቤት ሄጄ ወረፋ ይዤ ተመልሻለሁ። ቢጠፋስ? መናኸሪያ ወርጄ ሹፌር አነጋግሬአለሁ። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ቦንጋ ሲቀባበሉት ዝናብ ቢነካውስ? እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከየት ይተካል? በታመነ ሰው እልከዋለሁ ብዬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከልብሴ ሥር አኖርኩት። የታመነ ሰው ሳይገኝ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ ሌላ ዓመት። ጋሼ ሁለት ጊዜ በትሕትና ጻፉልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «በቅርቡ» ብዬ መለስኩ። ይህን ስጽፍ ግን አፍራለሁ።

ሦስተኛው ደብዳቤያቸው አጭር ነው። «አዲስ ሁለት ሰዎች ዳዶ ገብተዋል» ይላል። «የመካከሉ ክፍል ስለሌለ የዋጫው ጸሐፊ በቃሉ ይነግራቸዋል፤ አሳምሮ ይነግራል። በእሱ አነጋገር ግን በረኛው ያቺን ጎማ ይይዛታል። እንዲህ አይደለም፣ አሳልፏታል፣ እኔ አንብቤዋለሁ ብዬ ተከራከርኩት። እንግዲያው መጽሐፉን አቅርብ አለኝ።»

መጽሐፉ ያለው እኔ ዘንድ ነው።